ሁለት አንድ ዓይነት ፕሪየስ፣ ሁለት የተለያየ ሮድ ታክስ

ሁለት ፕሪየስ ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሞዴላቸው አንድ ነው፣ ሞተራቸው አንድ ነው፣ ቀለማቸው ሳይቀር አንድ ነው። አንደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው ማርች 31 ቀን 2017 ነው። ሌላኛው በማግስቱ፣ ኤፕሪል 1። የመጀመሪያው ባለቤት በዓመት 20 ፓውንድ ሮድ ታክስ (የመኪና ግብር) ይከፍላል። የሁለተኛው ባለቤት 195 ፓውንድ። በመሀላቸው ያለው የአንድ ሌሊት ልዩነት ነው። ያቺ ሌሊት ግን በየዓመቱ 175 ፓውንድ ታስከፍላለች፣ መኪናው አርጅቶ ለብረት እስኪሸጥ ድረስ።

ይሄን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። "ሃይብሪድ እኮ ነው፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ፣ ጭሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ እንዴት እንደዛ ይሆናል?" ይሉኛል። ጥያቄው ልክ ነው። መልሱ ያለው ግን ጭሱ ላይ ሳይሆን መኪናው በተመዘገበበት ቀን ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ሮድ ታክስ ሲወሰን ከሁሉ በፊት የሚታየው ይሄ ቀን ነው። የኛ ሰው ደግሞ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ማይሉን ያያል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ጎማውን ይነካካል፣ ኢንሹራንሱ ስንት እንደሚመጣ እዛው ቆሞ በስልኩ ያያል፣ ዋጋው ላይ ግማሽ ሰዓት ይከራከራል፣ ሮድ ታክሱን ግን "እሱ ችግር የለውም" ብሎ ያልፈዋል። ችግር አለው። አንዳንዴ መኪናው ከተገዛበት ዋጋ የሚበልጥ ችግር።

ስለዚህ ጉዳዩን ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው። ለንደን ውስጥ ብዙዎቻችን እንጀራችን መሪ ላይ ነው። ኡበር የሚሠራ አለ፣ ሚኒካብ (በቀጠሮ የሚጠራ ታክሲ) የሚሠራ አለ፣ ዕቃ የሚያደርስ አለ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ ብቻ አሮጌ ቶዮታ የያዘች እናትም አለች። ይሄ ወጪ ሁላችንንም ይመለከታል። ቁጥሮቹ ከኤፕሪል 2025 እስከ ማርች 2026 ላለው የታክስ ዓመት የወጡት ናቸው፣ ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው። በየኤፕሪሉ ዋጋው ትንሽ ትንሽ ከፍ ስለሚል ስትከፍሉ የጊዜውን ዋጋ እዩ። አሠራሩ ግን ያው ነው።

መኪኖች በሦስት ዘመን ይከፈላሉ።

ከማርች 1 ቀን 2001 በፊት የተመዘገበ ከሆነ የሚታየው የሞተሩ መጠን ብቻ ነው። እስከ 1549 ሲሲ 220 ፓውንድ፣ ከዛ በላይ 360 ፓውንድ። እንዲህ ያረጀ መኪና የሚይዝ የኛ ሰው አሁን ብዙም የለም፣ ስለዚህ እለፈዋለሁ።

ከማርች 1 ቀን 2001 እስከ ማርች 31 ቀን 2017 የተመዘገበ ከሆነ የሚታየው መኪናው በኪሎ ሜትር የሚያወጣው የካርቦን ግራም ነው። አሥራ ሦስት እርከን አለው። እስከ 110 ግራም የሚያወጣ 20 ፓውንድ ይከፍላል። ከ111 እስከ 120 ከሆነ 35 ፓውንድ። ከዛ ግን ዘሎ ይወጣል፦ ከ121 እስከ 130 ግራም 165 ፓውንድ፣ ከ131 እስከ 140 ደግሞ 195። በ120 እና በ121 ግራም መሀል ያለው አንዲት ግራም ብቻ ነው፣ ክፍያው ግን በዓመት 130 ፓውንድ ይለያያል። ላይኛው ጫፍ ጋ ስትደርሱ ከ226 እስከ 255 ግራም 735 ፓውንድ ነው፣ ከ255 በላይ ከሆነ 760።

ከኤፕሪል 1 ቀን 2017 ወዲህ የተመዘገበ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። ካርቦኑ የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፣ ያንንም የሚከፍለው አዲስ መኪና የሚገዛው ሰው ነው። ብዙ ጭስ ካለው ያ የመጀመሪያ ዓመት እስከ 5,490 ፓውንድ ይደርሳል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ግን፣ ውድ መኪና ላይ ለአምስት ዓመት የሚጨመረውን ሳንቆጥር (ኋላ እመጣበታለሁ)፣ ትንሿም ትልቁም፣ ያሪስም ሬንጅ ሮቨርም እኩል 195 ፓውንድ ነው የሚከፍሉት። ሃይብሪዶች የ10 ፓውንድ ቅናሽ ነበራቸው፣ እሷም በኤፕሪል 2025 ቀረች።

ለምን እንዲህ ሆነ? መኪኖች እየነጹ ሲመጡ ከ100 ግራም በታች የሚያወጣው ሁሉ ምንም አይከፍልም ነበር፣ መንግሥትም ገቢው እየሳሳበት መጣ። በ2015 የበጋ በጀት ላይ የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን ለውጡን አስታወቀ፣ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። የድሮዎቹ በድሮው ሕግ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ለዚህ ነው የ2013 ፕሪየስ 20 ፓውንድ እየከፈለ የ2018ቱ 195 የሚከፍለው። በኔ እምነት ይሄ ፍትሐዊ አይደለም። ትንሽ ነዳጅ የምትበላ መኪና መርጣ የገዛች የጽዳት ሠራተኛና ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና የሚነዳ ሰው እኩል መክፈላቸው ለማንም ሊዋጥ አይገባም። ግን ሕጉ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ገንዘባችንን ሳናወጣ እንወቀው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እንደ አባት የማያቸው ጎረቤቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ትልቅ መኪና ፈለጉ። የልጅ ልጆቹን ሁሉ አንዴ ጭኖ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ። አግኝተው ነበር፣ ባለ ሰባት ወንበር፣ ጥቁር፣ የሚያምር ፎር ባይ ፎር፣ በ1,900 ፓውንድ።

"ልጄ፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መኪና የት ይገኛል?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ሊብሬውን እንየው።"

ሻጩ ሎግቡኩን ሰጠን። አገር ቤት ሊብሬ የምንለው ማለት ነው። እዚህ ወረቀት ላይ የሚፈለጉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንዱ ቢ የሚል ፊደል ያለበት መስመር ነው፣ እሱ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበትን ቀን ይናገራል። ሌላው ቪ ነጥብ 7 የሚለው ነው፣ እዛ ላይ የካርቦኑ ግራም አለ። የጋሼ መኪና ቢ ላይ 2008 ይላል። ቪ ነጥብ 7 ላይ 244። በቃ። በዓመት 735 ፓውንድ። በሦስት ዓመት 2,205 ፓውንድ ይሆናል፣ መኪናውን ከሚገዙበት ይበልጣል። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አድርገው አዩት። "ይሄ ቁጥር ነው እንዲህ የሚያስከፍለው?" አዎ፣ ይሄ ቁጥር ነው። እነዚህ ትልልቅ መኪኖች ርካሽ የሆኑት እኮ በከንቱ አይደለም፣ ባለቤቶቻቸው በየዓመቱ ይሄን መክፈል ስለሚሰለቻቸው ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ያው ዓይነት መኪና ከማርች 23 ቀን 2006 በፊት የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ግራሙ የቱንም ያህል ቢበዛ 430 ፓውንድ ላይ ይቆም ነበር። አሁንም ቀን።

ሻጩ ግን ተስፋ አልቆረጠም። "ታክሱ እኮ እስከ ሴፕቴምበር ተከፍሏል፣ ምን ያስጨንቃችኋል" አለን።

ይህቺን ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁ ይቁም። ከኦክቶበር 2014 ወዲህ ሮድ ታክስ ከመኪናው ጋር አይተላለፍም። ሻጩ ለዓመት ከፍሎ ቢሆን እንኳ መኪናው እጅ ሲቀይር የሱ ታክስ ያበቃል፣ የቀሩት ሙሉ ወራት ለሱ ተመላሽ ይሆናሉ። እናንተ ቁልፉን ተቀብላችሁ ከግቢው ሳትወጡ በፊት በራሳችሁ ስም መክፈል አለባችሁ። ደግሞ የሚከፈለው ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ነው፣ ስለዚህ በ29ኛው ቀን ብትገዙም የወሩን ሙሉ ትከፍላላችሁ። ሻጩም ያቺን ወር አይመለስለትም። አንዲት ወር ሁለት ጊዜ ትከፈላለች ማለት ነው። እኔ ይሄን አሠራር ሳየው እናደዳለሁ፣ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና እጅ በሚለዋወጥበት አገር ይሄ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ቢያንስ ወር መጨረሻ ላይ ከሆናችሁ ሻጩን "ሁለት ቀን ታገሰኝ፣ ወሩ ሲገባ እወስደዋለሁ" ማለት ትችላላችሁ።

ለመክፈል የሚያስፈልጋችሁ ሻጩ ከሎግቡኩ ላይ ቀዶ የሚሰጣችሁ አረንጓዴ ቁራጭ ነው። በላዩ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። እሱን ይዛችሁ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በስልካችሁ መክፈል ትችላላችሁ፣ ካልሆነም የተሽከርካሪ ታክስ የሚቀበል ፖስት ኦፊስ ሄዳችሁ። ኤምኦቲው፣ ማለትም ዓመታዊው የመኪና ምርመራ፣ ካለፈበት አይከፈልላችሁም፣ መጀመሪያ እሱን ማሳለፍ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ጉግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች መንግሥት ያልሆኑ ድርጅቶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ በነጻ የሚሠራውን ነገር "የአገልግሎት" ብለው ያስከፍሏችኋል። አድራሻው በጎቭ ዶት ዩኬ ማለቁን አረጋግጡ።

ገና ስትገዙም ሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ታርጋውን ብቻ እዛው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ የተመዘገበበትን ቀን፣ ግራሙን፣ ታክሱና ኤምኦቲው የሚያልቅበትን ቀን ማየት ትችላላችሁ። ነጻ ነው። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ማስታወቂያ ላይ ታርጋ ያየ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ማጣራት ይችላል።

አሁን ስለ አከፋፈል። ዓመቱን አንዴ ከከፈላችሁ 195 ነው። በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት (ከባንክ ሒሳባችሁ በራሱ የሚቆረጥ) ከሆነ 5 በመቶ ይጨመርበታል፣ ድምሩ 204 ፓውንድ ከ75 ሳንቲም ይመጣል። ለዓመት ወደ አሥር ፓውንድ የሚጠጋ ጭማሪ ነው፣ እጅ ላጠረው ሰው ብዙም አይጎዳም። የማይመከረው ስድስት ስድስት ወር በካርድ መክፈል ነው። እሱ 107 ፓውንድ ከ25 ሳንቲም ነው፣ ሁለቴ ሲሆን 214 ፓውንድ ተኩል። የኛ ሰዎች ደግሞ "አሁን ግማሹን ልክፈል" ብለው ይቺን ይመርጧታል፣ ከሁሉ የምትወደደዋን። ዓመቱን መክፈል ካልቻላችሁ ወርሃዊውን ያዙ።

የድሮውን ክብ ወረቀት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፣ ከመስታወቱ ጥግ የሚለጠፈውን፣ ልክ አገር ቤት ቦሎ እንደምንለጥፈው። ከ1921 ጀምሮ የነበረ ነገር ነው፣ በኦክቶበር 1 ቀን 2014 ቀረ። ወረቀቱ ሲቀር አስታዋሹም አብሮ ቀረ። ድሮ መስታወቱን ስትጠርግ ቀኑን ታየው ነበር። አሁን የሚያውቀው ኮምፒውተር ነው፣ የሚያስታውሳችሁም በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ። ደብዳቤው የሚሄደው ሎግቡኩ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። ለንደን ውስጥ የኛ ሰው ደግሞ ቤት ይቀያይራል፦ ከጓደኛ ቤት ወደ ኪራይ ክፍል፣ ከዛ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ቤት ሲሰጥ ወደ ሌላ ሰፈር። ባንኩን ያሳውቃል፣ ሐኪሙን ያሳውቃል፣ ሎግቡኩን ይረሳዋል። አድራሻ ሳያስቀይሩ መቅረት ብቻውን እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። መቀየሩ ግን ነጻ ነው፣ እዛው ድረ ገጽ ላይ።

ታክስ ሳይከፈል ከቆየ መጀመሪያ የሚመጣው 80 ፓውንድ ነው፣ በ33 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 40 ይሆናል። ማንም ፖሊስ ሳያያችሁ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ መዝገቡ ላይ ስለጎደለ ብቻ ይመጣል። መንገድ ላይ ከተያዘ ደግሞ ጎማው ይታሰራል። ለማስፈታት 100 ፓውንድ፣ ታክሱን ከፍላችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ 160 ፓውንድ ማስያዣ ይጨመራል። ማስያዣው ታክሱን በ15 ቀን ውስጥ ከፍላችሁ ካሳያችሁ ይመለሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልፈታችሁ ይጎተታል፣ ማስለቀቂያው 200 ይሆናል፣ በቀን 21 ፓውንድ የማቆያ እየተቆጠረ። ሚኒካብ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ያለ ሥራ የሚውልበት ቀን ነው።

ክረምት ላይ ወይም ለገና አገር ቤት የምትሄዱ፣ ይሄ ለናንተ ነው። ብዙዎቻችን ከሄድን ሁለት ሦስት ወር እንቆያለን፣ መኪናው እዚህ ቆሞ ታክስ ይበላል። ሶርን የሚባል ነገር አለ፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቷል ብላችሁ የምታስመዘግቡበት። ስታስመዘግቡ የቀሩት ሙሉ ወራት ይመለሱላችኋል፣ ኢንሹራንስም የግድ አይሆንም። ስትመለሱ እንደገና ትከፍላላችሁ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አንድ ሁኔታ አለው፦ መኪናው የግል ቦታ ላይ መቆም አለበት። በራሳችሁ ግቢ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ወይም ግቢ ያለው ወዳጅ ቤት። ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው መንገድ አይሆንም፣ የነዋሪ ፓርኪንግ ፈቃድ ቢኖራችሁም። መንገድ ነው። ሶርን ያለበት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ከተገኘ ይቀጣል፣ ከተነዳ ደግሞ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊያስከስስ ይችላል። ቀጠሮ ወደተያዘለት ኤምኦቲ መንዳት ብቻ ይፈቀዳል። ስለዚህ ግቢ ያላቸው ዘመዶች፣ ወንድማችሁ አዲስ አበባ ሲሄድ ለመኪናው ቦታ ብትሰጡት ትልቅ ውለታ ነው።

ተመላሹ በቼክ ነው የሚመጣው፣ ሎግቡኩ ላይ ባለው ስምና አድራሻ። ይሄ ስም የሚለው ነገር ለኛ ቀላል አይደለም። ሎግቡኩ ላይ በአባት ስም፣ ባንክ ላይ በአያት ስም የተመዘገበ ስንት ሰው አለ። ባንኩ ቼኩን አልቀበልም ካለ ለመጻጻፍ ሳምንታት ይሄዳል። መኪናውን ስታስመዘግቡ ባንክ ላይ ባለው ስም፣ በፊደል አጻጻፉ ሳይቀር፣ አስመዝግቡ።

ሌላ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መብት አለ። የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ፒአይፒ የሚባለውን ድጎማ የሚያገኝ ከሆነና የመንቀሳቀሻው ክፍል ከፍተኛው እርከን ላይ ከሆነ፣ ለሱ አገልግሎት የሚውል አንድ መኪና ሮድ ታክስ አይከፍልም። መደበኛው እርከን ላይ ከሆነ ግማሹ ይነሳል። መኪናውን ልጁ ወይም ሚስቱ ብትነዳውም ይሆናል፣ ለሱ ጉዳይ እስከዋለ ድረስ። ወላጆቻችንን የምንንከባከብ ብዙ ነን፣ ድጎማውን እያገኙ ታክሱን ሙሉ የሚከፍሉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። በዚህ ላይ የሚያፍር ሰው ሲገጥመኝ አዝናለሁ። ልመና አይደለም፣ በሕግ የተሰጠ ነው።

ይሄ ሁሉ ገንዘብ ታዲያ መንገድ ይሠራበታል ወይ? ስሙ እንደዛ ያስመስላል። በ1920 የወጣው ሕግ በእርግጥ ለመንገድ ብቻ የሚውል ፈንድ አቋቁሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ1926 ዊንስተን ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ ከፈንዱ ለሌላ ወጪ ወሰደ፣ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ ታክሱ በቀጥታ ወደ መንግሥት ካዝና መግባት ጀመረ። ሰፈራችሁ ውስጥ ጎማ የሚያፈነዳውን ጉድጓድ የሚጠግነው ካውንስሉ ነው፣ ከካውንስል ታክስና መንግሥት ከሚሰጠው ድጎማ። በብስክሌት ምግብ የሚያደርሱ ልጆቻችንን "ሮድ ታክስ ሳትከፍሉ መንገዱን ዘጋችሁት" እያሉ የሚጮሁባቸው ሾፌሮች አሉ። እነዚህ ልጆች ካውንስል ታክስ የሚከፈልበት ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ቫት ይከፍላሉ፣ ደሞዛቸውም ይቆረጣል። መንገዱ የነሱም ነው።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እንምጣ፣ ምክንያቱም የሚቀጥሉት ዓመታት ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው። ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ለንደን ውስጥ አዲስ የሚኒካብ ፈቃድ የሚያገኝ መኪና ቢያንስ የተወሰነ ርቀት ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ ሾፌሮቻችን በብድርም በኪራይም ወደ ኤሌክትሪክ ገቡ። ሲገቡ የተነገራቸው "ሮድ ታክስ የለውም" የሚል ነበር፣ ያኔ እውነት ነበር። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ቀርቷል። ከኤፕሪል 2017 በኋላ የተመዘገበ ኤሌክትሪክ መኪና እንደማንኛውም 195 ፓውንድ ይከፍላል። ከዛ በፊት የተመዘገቡት፣ ጥንታዊዎቹ የኒሳን ሊፎች፣ 20 ፓውንድ። አዲስ የሚገዛ ለመጀመሪያው ዓመት 10 ፓውንድ ይከፍልና ከሁለተኛው ጀምሮ 195 ይሆናል።

በዚህ ላይ ውድ መኪና ጭማሪ የሚባል አለ። የዝርዝር ዋጋው ከ40,000 ፓውንድ በላይ የሆነ መኪና ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት በየዓመቱ 425 ፓውንድ ይጨመርበታል። 195 እና 425 ሲደመር 620 ነው። በአምስት ዓመት ጭማሪው ብቻ 2,125 ፓውንድ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ የሚታየው እናንተ የከፈላችሁት አይደለም። አዲስ ሲሸጥ የነበረው የዝርዝር ዋጋ ነው፣ ከቫቱ፣ ከማድረሻውና ከተጨማሪ ዕቃዎቹ ጋር። ተደራድራችሁ በ38,000 ብትገዙትም፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያገለገለ ሆኖ በ20,000 ብትገዙትም ዝርዝሩ 40,001 ካለ ጭማሪው አለ። ኤሌክትሪኮቹ ላይ ይሄ የሚሠራው ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለተመዘገቡት ነው፣ ከዛ በፊት የተመዘገበ ቴስላ አይነካውም። አሁንም ቀኑን እዩ። በኖቬምበር 2025 በጀት ደግሞ ለኤሌክትሪኮች ጣሪያው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ወደ 50,000 ከፍ እንዲል ተወስኗል፣ ይሄ ብዙ ሾፌሮችን ያሳርፋል።

በዚያው በጀት የመጣው ሌላው ነገር ግን ሾፌሮችን ከማንም በላይ የሚመታ ነው። ከኤፕሪል 2028 ጀምሮ ኤሌክትሪክ መኪና በተነዳ ቁጥር በማይል 3 ሳንቲም ይከፍላል፣ በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ደግሞ ግማሹን፣ አንድ ሳንቲም ተኩል። ይሄ በሮድ ታክሱ ላይ የሚጨመር እንጂ እሱን የሚተካ አይደለም። የመንግሥት ክርክር ይገባኛል፣ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው በየሊትሩ ታክስ ይከፍላል፣ ኤሌክትሪኩ አይከፍልም። ነገር ግን በሳምንት አንዴ ገበያ የሚሄድ ሰው በዓመት 5,000 ማይል ነድቶ 150 ፓውንድ ሲከፍል፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የሚውል ሾፌር 30,000 ማይል ነድቶ 900 ፓውንድ ይከፍላል። 195ቱ ሲጨመርበት 1,095። ደግሞ ወደዚህ መኪና የገባው ወዶ ብቻ አይደለም፣ የፈቃዱ ሕግ ገፍቶት ነው። የሾፌሮች ማኅበር ውስጥ ያላችሁ ይሄን ጉዳይ አጥብቃችሁ ያዙት፣ ለምክር ቤት ተወካያችሁም ጻፉ። እስከዛው ግን አሁን ኤሌክትሪክ መኪና ለአራትና ለአምስት ዓመት ክፍያ ልትፈርሙ ያሰባችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያውን ስትሠሩ ከ2028 ወዲህ ላለው ጊዜ በወር 75 ፓውንድ ጨምሩበትና እንደዛም ሆኖ የሚያዋጣችሁ ከሆነ ፈርሙ።